ሦስት ሳምንት ውጭ አገር፦ ቋንቋ ይዞ ለመመለስ ይበቃል?

ሚያዝያና ግንቦት ላይ የቴሌግራም ቻናሎች ይሞቃሉ። «ፉሊ ፈንድድ!» (ወጪው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ)፣ «አይኤልትስ አያስፈልግም!» (የእንግሊዝኛ ፈተናው ማለት ነው)፣ «ሦስት ሳምንት በአውሮፓ፣ ቋንቋና ባህል!» ይላሉ። ከሥር የሚጻፈው አስተያየትም በየዓመቱ ያው ነው። «ሊንኩን በውስጥ ላኩልኝ»፣ «ለኢትዮጵያውያን ይፈቀዳል?»፣ «ዲግሪውን ያልጨረሰ መወዳደር ይችላል?» «ሦስት ሳምንት ሄጄ ምን ይዤ እመለሳለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አያጋጥምም።

እርግጥ ዕድሉ የደረሰው ልጅ ሻንጣውን ያዘጋጅ እንጂ ምን ይፈላሰፋል? ያም ሆኖ ጥያቄው መነሳት አለበት። የእነዚህ አጫጭር ፕሮግራሞች ትልቁ ማባበያ ቋንቋ ነውና። ጀርመንኛን እዚያው ጀርመን፣ ቻይንኛን ከቻይናውያን አፍ። ሰውም አገሩ ላይ ከደረሰ ቋንቋው ከአየሩ ጋር የሚገባው ይመስለዋል። አይገባም። የሚያስተምረው ቦታው አይደለም፤ ከሰው ጋር የሚወራበት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ያን ሰዓት በደንብ አያዘጋጁትም።

ጉዳዩ የጥቂት ዕድለኞች ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ግን በዓለም ዙሪያ ውጭ አገር ሄዶ መማር እያጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022/23 የትምህርት ዘመን (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካልተባለ ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው) ከ280 ሺህ በላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውጭ ሄደው ተምረዋል። አብዛኞቹ የሄዱት ለአንድ በጋ ወይም ለስምንት ሳምንትና ከዚያ በታች ነው። ከጃፓን በ2018፣ ከኮቪድ በፊት፣ 115 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ወጥተው ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል አንድ ወር እንኳ አልሞላቸውም። ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም በ1987 ሲጀመር 11 አገሮችና 3,244 ተማሪዎች ነበሩት። ያኔ የታሰበው ሴሚስተር ወይም ዓመት ቆይቶ መመለስ ነበር። ከ2021 ወዲህ ባለው ኢራስመስ ፕላስ ግን ከ5 እስከ 30 ቀን ብቻ ሄዶ፣ ቀሪውን በኦንላይን ተምሮ ክሬዲት መያዝ ይቻላል።

ለምን አጠረ? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሌላው የተማሪው ኑሮ ነው። እየሠራ የሚማር፣ ልጅ ያለው፣ የሚጦረው ሰው ያለው ተማሪ ስድስት ወር ጠፍቶ መክረም አይችልም። ሕክምናና ኢንጂነሪንግ ላይ ደግሞ አንድ ሴሚስተር ያመለጠው ዓመቱን ሊያጣ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ምክንያቶች ናቸው፤ አጭሩ ባይኖር ጭራሽ የማይሄዱ ብዙ ነበሩ። ሌላ ብዙ የማይነገር ምክንያትም አለ። አንድ ተማሪ ለዓመት ከመላክ አሥር ተማሪ ለሦስት ሳምንት መላክ ሪፖርት ላይ ያምራል። ሪፖርት የሚያምርበትን መንገድ የማያውቅ መሥሪያ ቤት ደግሞ የትም አገር የለም።

የጥንቱ አካሄድ ሌላ ነበር። በ1923 የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሬይመንድ ከርክብራይድ ስምንት ተማሪዎችን በመርከብ ይዞ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። አሜሪካውያን ተማሪዎች አንድ ሙሉ ዓመት ውጭ የሚማሩበት ልማድ ከዚያ ጉዞ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ልጆቹ በቀጥታ ፓሪስ፣ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። አስቀድመው ናንሲ ከተማ ተቀምጠው ፈረንሳይኛውን አጠናከሩ። መጀመሪያ ቋንቋ፣ ቀጥሎ ትምህርት። የዛሬው የሦስት ሳምንት ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ሻንጣ ጠቅልሎ፣ ሙዚየምና የጀልባ ሽርሽር ጨምሮበት ነው የሚያቀርበው።

ሂሳቡን እንሥራው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት የራሱ ተቋም አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው አንድን ቋንቋ ለሥራ በሚበቃው ደረጃ እስኪይዝ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ከልምዱ ያውቃል። ፈረንሳይኛ 30 ሳምንት ገደማ ነው። ጀርመንኛ 36። አማርኛችን 44። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛና ዓረብኛ 88። እነዚህ ሰዎች ሙሉ ቀን ሥራቸው መማር ነው፤ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ክፍል ይቀመጣሉ፣ ማታ ደግሞ ያጠናሉ። አንድ የሦስት ሳምንት ፕሮግራም በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢያስተምር 60 ሰዓት ይሆናል። ለቻይንኛ ከሆነ ገና በሩን ማንኳኳት ነው።

እናም ከዜሮ ተነስቶ የሄደ ሰው ይዞ የሚመለሰው ይታወቃል። ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ምግብ ማዘዝ፣ «ባቡር ጣቢያው የት ነው?»፣ ከዚያ ብዙ ፎቶ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ቻይንኛ የሚማር ልጅ ለሁለት ሳምንት ካምፕ ቤጂንግ ቢላክ ታላቁ ግንብ ላይ ፎቶ መነሳቱ አይቀርም፤ ደግም ያድርግ። ልዩነቱ ያለው አስቀድሞ ሁለት ዓመት ተምሮ በሄደውና ቅጽ ለመሙላት ብቻ ፊደል በቆጠረው መካከል ነው። የመጀመሪያው ልጅ ጭንቅላቱ ውስጥ የተከማቸ ቋንቋ አለው። አፉን ግን አልከፈተም። እሱን ሦስት ሳምንት በደንብ ይጠቅመዋል፤ ምላሱ ይፈታል።

ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተምሮ፣ ማትሪክ ያለፈበት፣ ዩኒቨርሲቲም የሚማርበት ተማሪ የሚያናግረው ፈረንጅ ሲመጣ ጓደኛውን ወደ ፊት ይገፋል። ሰዋስው አላነሰውም። ያነሰው የተናገረበት ሰዓት ነው። በአውሮፓው የቋንቋ መለኪያ ኤ2 ወይም ቢ1 (ከጀማሪ ወደ መካከለኛ የሚሸጋገርበት ደረጃ) የደረሰ ሰው አጭር ጉዞ ቢያገኝ ትርፉ ከሁሉም ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። ከዚያ በታች ያለ ሰው ገንዘቡን፣ ባይሆን ጊዜውን፣ መጀመሪያ እዚሁ ቢያውለው ይሻለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈረንሳይኛ አስተምሯል። ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተ ኢንስቲትዩትም ከስድሳ ዓመት በላይ ከተማው ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባርባራ ፍሪድ፣ ኖርማን ሴጋሎዊትዝና ዳን ዲዊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። ፈረንሳይኛ የሚማሩ አሜሪካውያንን በሦስት ቡድን አድርገው አነጻጸሩ። አንዱ ቡድን አገሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደ ወትሮው ይማራል። ሁለተኛው ፈረንሳይ ሄዶ ሴሚስተር ይቀመጣል። ሦስተኛው እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ፣ በጋውን ፈረንሳይኛ ብቻ በሚነገርበት ትምህርት ቤት ያሳልፋል። በንግግር ቅልጥፍና ከሁሉም የተሻሻለው ማን ሆነ? ሦስተኛው። አገሩን ለቆ ያልወጣው፤ ያውም ከፈረንሳዩ ቡድን ባነሰ ሳምንት። ፈረንሳይ የሄዱት ከክፍል ውጭ ሲቆጠር ከፈረንሳይኛ ይልቅ በእንግሊዝኛ ነበር የቆዩት። የተጠኑት ተማሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ለሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት አይቻልም። ፕሮግራም ይዞ የሄደ ሰው ግን ውጤቱን ሲሰማ ብዙም አይገርመውም።

እንዲህ ያለ የበጋ ትምህርት ቤት ሲነሳ ታዋቂው በቬርሞንት ግዛት ያለው ሚድልበሪ ነው። ከ1915 ጀምሮ ቋንቋ ያስተምራል። ተማሪው ሲገባ ቃል ኪዳን ይፈርማል፤ የሚማረውን ቋንቋ እንጂ ሌላ ላይናገር። ምግብ ቤትም፣ ስፖርት ሜዳም፣ ከክፍል ጓደኛ ጋር ሲጣላም። ጨካኝ ሕግ ነው። ግን ሰዓቱን ያስገኛል።

ፓሪስ ወይም በርሊን ላይ ሰዓቱ የሚጠፋበትን መንገድ ለማየት የአንድ ቀን ውሎ ይበቃል። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሃያ ተማሪዎች ይሄዳሉ። አንድ ዶርም ያድራሉ። ጠዋት አንድ ክፍል ይገባሉ፤ መምህሯ ቋንቋውን ትናገራለች፣ እነሱ ይጽፋሉ። ከሰዓት ሁሉም ባንድ አውቶቡስ ሙዚየም ይሄዳሉ፤ አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ማታ የዋትሳፕ ግሩፑ ይንጫጫል፤ «የት ነን?»፣ «ማነው ቻርጀሬን የወሰደው?» የአገሩን ሰው በቋንቋው ያናገሩት ሱቅ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ነው። የአገሩ ተማሪ ቢገኝ እንኳ እንግሊዝኛው የተሻለ ነውና ወደዚያው ይዞራል፤ እሱም እንግሊዝኛውን ማሟሸት ይፈልጋል። የእኛ ልጆች ከሆኑ ደግሞ በሁለተኛው ቀን የሐበሻ ምግብ ቤቱን አግኝተውታል። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር መገናኘቱን አልነቅፍም፤ ሽሮ ናፍቆት ላይ መፍረድ አይቻልም። የሦስት ሳምንት ሂሳብ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ምሽት ይቆጠራል።

በቦታው መገኘት ቋንቋ እንደማያስተምር የራሳችን ዩኒቨርሲቲዎችም ምስክር ናቸው። ትምህርት ሚኒስቴር መድቦት ከአዲስ አበባ ጅማ ወይም ወለጋ የሄደ ስንት ልጅ አለ! አራት ዓመት ይኖራል፤ አምስት የሆነለትም አለ። ሲመለስ ብዙ ጊዜ «አካም»፣ «ገለቶማ»ና የታክሲ ቃላት ነው የያዘው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዶርሙ ውስጥ ሁሉም ለእሱ ብሎ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ካፌውም አማርኛ ያውቃል። አፋን ኦሮሞ የግድ የሆነበት ሰዓት አልነበረም። በአንጻሩ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ ከአከራዩዋ እማማ ጋር ቡና ሲጠጣ የከረመው ጓደኛው ቋንቋውን ይዞ ተመልሷል። አራት ዓመት ያላስተማረውን ነገር ሦስት ሳምንት ውጭ አገር በራሱ ጊዜ ያስተምራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ታዲያ ሰዓቱ ከየት ይምጣ? የቋንቋ ልውውጥ የሚባለው ነገር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ፈረንጆቹ «ታንደም» ይሉታል፤ አንተ የእኔን ቋንቋ፣ እኔ የአንተን። በአውሮፓ የተስፋፋበት ታሪክ ደስ ይላል። ጥር 1963 ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መሪ አደናወር የወዳጅነት ውል ፈረሙ። ጦርነቱ ካበቃ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በዚያው ዓመት የሁለቱን አገር ወጣቶች የሚያገናኝ የጋራ ቢሮ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፈረንሳዊውንና ጀርመናዊውን ፊት ለፊት አስቀምጦ እርስ በርስ እንዲማማሩ ማድረግ ተለመደ። መምህር አልነበረም ማለት አይደለም። ግን ዋናው ሥራ የጥንዶቹ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ሰላሳ ደቂቃ በአንዱ ቋንቋ፣ ሰላሳ ደቂቃ በሌላው። ስልክ ላይ ሰዓት ይሞላል፤ ሲጮህ ቋንቋው ይቀየራል፤ ወሬው መሃል ላይ ቢሆንም። ይሄ ጩኸት ወሳኝ ነው። ያለ እሱ ሁልጊዜ ጠንካራው ቋንቋ ደካማውን ይውጠዋል። ካፌ ውስጥ «ዝም ብለን እናውራ» ብለው የተቀመጡ ጥንዶች ከሩብ ሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ታገኟቸዋላችሁ።

የእኛ ሰው ሲጨመርበት ሌላ ችግር ይመጣል፤ ይሉኝታ። አማርኛ የምትማር ጀርመናዊት «እኔ ትናንት ገበያ ሄደ» አለች እንበል። የእኛ ልጅ ምን ይላል? «ጎበዝ! በጣም ጎበዝ!» ይላታል። እሷም ደስ ብሏት ትቀጥላለች። በሚቀጥለው ሳምንትም «እኔ ትናንት ሱቅ ሄደ» ትላለች። ማረም ለእኛ ማሳፈር ይመስለናል። እሷ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ እያንዳንዱን የጀርመንኛ መስተፃምር እያነሳች ታርመዋለች። አሥረኛው ላይ ልጁ ዝም ይላል፤ «ምን አለፋኝ» ይላል በሆዱ። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። መፍትሔው ቀድሞ መነጋገር ነው። ስህተት ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ አምስት አምስቱ ብቻ ይነገር። ደህና ፕሮግራም ይሄን የመጀመሪያው ቀን ላይ ያስረዳል። ብዙዎቹ ግን ስም ዝርዝር ለጥፈው «ተገናኙ» ይላሉ።

ልውውጡ የእኛን ልጅ የሚያስተምረው የሌላውን ቋንቋ ብቻ አይደለም። «በላሁ እና በልቻለሁ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ሲባል «ያው ናቸው... ማለቴ ያው አይደሉም» ብሎ ይቆማል። ዕድሜውን ሙሉ የተናገረውን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ያየዋል። ማታ ገብቶ ሰዋስው ይከፍታል። ይሄ ከሙዚየሙ ጉብኝት በላይ ዋጋ ያለው ትምህርት ይመስለኛል።

ይህ ዓይነቱ ልውውጥ ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ደግሞ ይገርማል። በ1649 ሮም ላይ አንድ ወጣት ጀርመናዊ ምሁር፣ ሂዮብ ሉዶልፍ፣ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሉዶልፍ ከመጽሐፍ የለቀመው ግዕዝ ነበረው። አባ ጎርጎርዮስ ጀርመንኛ አያውቁም። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጋብዘው ጀርመን፣ ጎታ ከተማ፣ መስፍኑ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ቆይታቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ በዛሬ ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ልንለው እንችላለን። ግዕዝን መገናኛ አድርገው ስለ ቋንቋው፣ ስለ አገሩና ስለ ታሪኩ ተጠያየቁ። የጎታው ጊዜ ፍሬ ያፈራው ሁለቱም ተዘጋጅተው ስለተገናኙና ሥራቸው ማውራት ብቻ ስለነበር ነው። ሉዶልፍ በኋላ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። አንዱ ወገን መጻሕፍት ቀሩለት፤ ለሌላው ወገን የመጣለት ነገር ባሕር ገባ።

የዛሬውም ልውውጥ ሚዛኑ ገና አልተስተካከለም። መርከቡ ቪዛ ሆኗል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2024) የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የጋራ ቪዛ) አሰጣጥን አጠበቀ። ምክንያቱ መንግሥት እዚያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በኩል በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው። እርምጃው ጊዜያዊ ተብሏል። መደበኛው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። የሰነድ ማቅለያም እንዲሁ። ስለ ስደተኛ መመለስ በመንግሥታት መካከል ያለ ውዝግብ ለሦስት ሳምንት ሰዋስው ሊማር የሚሄድ የሃያ ዓመት ልጅ ላይ አረፈ። የሦስት ሳምንት ትምህርት ለመማር ስድስት ሳምንት ተኩል መልስ መጠበቅ! የተቀባይነት ደብዳቤው ከመነሻው ሁለት ወር በፊት ከመጣ ቀጠሮ እስኪገኝ ነገሩ ያበቃል።

ከዚያ የባንክ ደብተሩ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አባት ለልጁ ጉዞ ያስቀመጠው ብር በቁጥር አልተነካም፤ በዩሮ ሲመነዘር ግን ግማሹ የለም። የተከለከለ ልጅ የሚሰጠው ቅጽ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የሚደረግባት ሳጥን ትታወቃለች፤ ቪዛው ሳያልቅ ከአገራችን ለመውጣትህ እርግጠኛ አልሆንም የምትለዋ። ሁለተኛ ዓመት ሕክምና የሚማር፣ መስከረም ላይ ክፍል የሚጠብቀው ልጅ ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሸንገን የቪዛ ሕግ መሠረት ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚሄዱ ተማሪዎችና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራን ከቪዛ ክፍያው ነጻ ናቸው። ከሰኔ 2024 ወዲህ 90 ዩሮ የሆነው ክፍያ ማለት ነው። የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ግን የተለየ ነው። ማመልከቻውንም ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ስኮላርሺፑ ስንት ነው መሆን የለበትም። የተቀባይነት ደብዳቤው መቼ ይደርሳል የሚለው ይቀድማል። ቀጥሎ ከክፍል ውጭ ከማን ጋር እናወራለን? የአገሩ ተማሪ አብሮን ያድራል ወይ? ወይስ ሃያችንም አንድ ፎቅ ላይ ነን? «ባህላዊ ጉብኝት» በሚል ርዕስ ሰባት መሥመር ጽፎ ስለዚህ አንድ መሥመር ያልጻፈ ፕሮግራም ቱር ነው። ቱር መጥፎ አይደለም፤ ስሙ ግን ይነገረው።

ደግሞ ወደ እዚህ የሚመጡት አሉ። አማርኛ ሐምቡርግ፣ ናፖሊና ፓሪስ ላይ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ አሜሪካ ውስጥም እንደ ሃዋርድ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች። የእነዚህ ክፍሎች ተማሪዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ከእነሱ መካከል ደግሞ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ውጭ አገር የተወለዱ አሉ። የእነዚህኞቹ ችግር ልዩ ነው። እናታቸው የምትለውን ሁሉ ይሰማሉ፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ለአንድ ክረምት ሲመጡ አክስቶች ይከቧቸዋል፤ «እስቲ በአማርኛ በል!» ይባላሉ፤ ሲሞክሩ ይሳቃል። ፍቅር ነው፤ ግን አፍ ያዘጋል። እንደ እነሱ የሃያ ዓመት የሆነ፣ የማይስቅና ሰዓት ሞልቶ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

የሐምቡርጉ ተማሪ አማርኛ የሚያወራው ሰው ቸግሮታል። ስድስት ኪሎ ያለው ተማሪ ጀርመንኛ የሚያወራው ሰው ቸግሮታል። በመካከላቸው ያለው የሰዓት ልዩነት በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ነው። ኢንተርኔቱ ቪዲዮ ባይችል እንኳ ድምፅ ይችላል፤ ለመናገር ደግሞ ድምፅ ይበቃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሦስት ወር ቢገናኙ የሰው ለሰው ወሬው ብቻ ከ20 ሰዓት ያልፋል። ቪዛው ከተሳካ ልጁ ሐምቡርግ የሚደርሰው የሚያውቀው ሰው ይዞ ነው፤ ዋትሳፕ ግሩፑ አይውጠውም። ካልተሳካም 20 ሰዓቱን ማንም ቆንስላ አይወስድበትም። የአጫጭር ፕሮግራሞቹ የኦንላይን ክፍል ለዚህ የተሠራ ይመስል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ግን በእንግሊዝኛ በተቀዳ ሌክቸር ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ሲፈርሙ ዜናው ስንት የትምህርት ዕድል እንደተገኘ ይናገራል። የሚፈረመው ወረቀት ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ብዙ ይቀየር ነበር፤ እዚያ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚማሩት እነማን እንደሆኑ፣ እዚህ የእነሱን ቋንቋ ከሚማሩት ከማን ጋር እንደሚጣመሩ የሚል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። የውጭ ግንኙነት ቢሮው ሁለት የስም ዝርዝር ይዞ፣ መስከረም ላይ ጥቂት ቀን ተቀምጦ ስልክ ቁጥር ቢያለዋውጥ ይበቃል።